ፊደል በሒሳብ መኪና ውስጥ



ግራፍ የሚሥል ካልኩሌተር መጀመሪያ ለገበያ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. ከካሲዮ ኩባንያ ነው። ዛሬ የምናገረው ግን ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በዚያው አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ስላወጣው ስለ ቲ አይ 84 ፕላስ ነው። እናንተ ወላጆቻችን «መኪናው ካሰበላችሁ እናንተ ምን ልትሠሩ ነው?» እያላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ መልሱም መኪናው ፊደልን በምን ዓይነት እንደሚተረጉም በማወቅ ይገኛል።

በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢ = ኤ + 3 ብለን ስንጽፍ ውል ነው፤ ኤ በተለወጠ ቁጥር ቢም አብሮ ይለወጣል። በመኪናው ዘንድ እንዲህ አይደለም። 5 → ኤ ብለን ብናዝዘው 5ን ኤ በሚባለው ሣጥን ያኖራል። ቀጥሎ ኤ + 3 → ቢ ብንለው ያን ጊዜውኑ ደምሮ 8ን በቢ ያኖራል፤ 8 ከየት እንደ መጣ ግን አያስታውስም። ኋላ ኤን 9 ብናደርገው ቢ ያው 8 ነው። 12ን የጠበቀ ሰው ይቈጣ ይሆናል፤ መኪናው ግን የታዘዘውን ፈጽሟል።

ልዩ የሆነው ዋይ 1 የሚባለው የግራፍ ስፍራ ነው። በዚያ ኤ × ኤክስ + 3 ብንጽፍ የሚቀመጠው ሕጉ ራሱ ነውና፥ ኤ ተለውጦ ግራፉ እንደ ገና ሲሣል መስመሩ ሌላ ይሆናል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ደግሞ ይህ ነው። −5² ብለን ብንጽፍ −25 ይለናል፤ አስቀድሞ 5 በራሱ ይባዛል፥ ምልክቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። −5ን በኤ አኑረን ኤ² ብንል ግን 25 ነው፤ ቁጥሩ ከነምልክቱ ገብቷልና።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በፈተና ቀን ማርክ የሚያስቀረው ሌላ ነው። እነዚህ ፊደሎች ለፕሮግራሞች ሁሉ የጋራ ናቸው፤ ፕሮግራሙ ቢያልቅም ቁጥሩ በሣጥኑ ይቀራል። የክብ ስፋት የሚያወጣው ፕሮግራም በአር 7ን ትቶ ቢሄድ፥ አርን ሳይጠይቅ የሚጀምር ሌላ ፕሮግራም ያንኑ 7 አንሥቶ ያሰላል። በዜሮ ማካፈል ሲገጥመው ስሕተት ነው ብሎ የሚቆመው መኪና በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ በፕሮግራሙ መጀመሪያ የምንሠራበትን ፊደል ሁሉ ፕሮምፕት በሚባለው ትእዛዝ እንጠይቅ፤ የማይጠየቀውንም 0 እናድርገው።

ኤክስ ከሁሉ ይብሳል፤ ግራፍ በተሣለ ቁጥር መኪናው ራሱ ይለውጠዋል። የሁለተኛ ደረጃ እኩልታ ፕሮግራም የምትጽፉ ሁሉ መልሶቹን በኤክስ አታኑሩ፤ ኤምና ኤን ባዶ ናቸው።