ለጉዱ ካሳ የራሱ መጽሐፍ

የዛሬው ወጋችን ከጃፓን ተነሥቶ ጎጃም ይገባል፤ የሚያልፈው ግን በአዲስ አበባው ወሰን ሰፈር በኩል ነው።

ማታ ማታ ከመገናኛ ወደ ወሰን ግሮሰሪ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከተማሪዎች ጋር የተጫነ ሰው ክርክራቸውን ሳይሰማ አይወርድም። ኳስ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ አኒሜ ነው። አንዱ በቴሌግራም ያወረደውን ክፍል ስልኩ ላይ ከፍቶ «ይሄማ ማንጋው ውስጥ የለም!» ይላል። ሌላው «አንተ ደግሞ ማንጋ ማንጋ ትላለህ፤ ድምፅ የለው፣ ነፍስ የለው» ብሎ ይመልስለታል። ላምበረትን ስናልፍ ነገሩ ይከርራል። ረዳቱ ሒሳብ ቢልም የሚሰማው የለም።

ለማታውቁት ላስረዳ። ማንጋ ጃፓኖች በየሳምንቱ ወይም በየወሩ በመጽሔት እየቆራረጡ የሚያወጡት የሥዕል ልብ ወለድ ነው። አኒሜው ደግሞ ተንቀሳቃሽ ሥዕሉ ነው። ታሪኩ ከተወደደ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። አንዳንዴም ዋናው ታሪክ ጥግ ላይ ያቆመው አንድ ሰው ወደ ፊት ይመጣና የራሱ መጽሐፍ ይጻፍለታል። ልጆቹ ስፒን ኦፍ የሚሉት ይህን ነው።

የታክሲው ልጆች ሁሌም የሚመለሱት ወደ ናሩቶ ነው። ማሳሺ ኪሺሞቶ ናሩቶን በሳምንታዊው ሾነን ጃምፕ መጽሔት ላይ የጀመረው በ1999 ነው፤ የጃፓኑን ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። በ2014 ሲያበቃ 700 ምዕራፍ፣ 72 ቅጽ ሆኗል። አኒሜው በ2002 ተጀመረ፤ ጣጣውም አብሮ ተጀመረ። ኪሺሞቶ በሳምንት ሃያ ገጽ የማይሞላ ምዕራፍ ይስላል፤ ቴሌቪዥኑ በየሳምንቱ ሃያ ምናምን ደቂቃ ይፈልጋል። የሚበላው ከሚጋገረው ፈጠነ። ስቱዲዮው ደራሲውን ልጠብቅ ቢል የቴሌቪዥን ሰዓቱ ባዶ ሊቀር ነው፤ ስለዚህ ከራሱ እየፈጠረ ይሞላ ጀመር። ከመጀመሪያው ተከታታይ 220 ክፍሎች ውስጥ መጨረሻ አካባቢ ያሉት ከ70 በላይ ክፍሎች ማንጋው ውስጥ የሉም። «ይሄማ ማንጋው ውስጥ የለም!» ያለው ልጅ እውነቱን ነው።

ይኸው ችግር ሌላ ቤት ሲገባ ግን ሌላ መልክ ያዘ። ሂሮሙ አራካዋ ፉልሜታል አልኬሚስትን ከ2001 እስከ 2010 በየወሩ ስትስል ኖራለች። በ2003 አኒሜ ሲሠራላት ታሪኳ ገና መንገድ ላይ ነበር። ሠሪዎቹ በመሙያ ጊዜ አልገደሉም፤ ከመሃል ታጥፈው ወደ ራሳቸው መጨረሻ ሄዱና በ51 ክፍል ዘጉት። ማንጋው ሊያልቅ ሲቃረብ፣ በ2009፣ ሁለተኛ አኒሜ ተሠራ። ብራዘርሁድ ይባላል፤ 64 ክፍል ነው፤ የደራሲዋን መንገድ እስከ ዳር ተከትሏል።

ልጆቹን ብትጠይቋቸው ብራዘርሁድ ይበልጣል ይሏችኋል። እኔ የ2003ቱን ነው የምወደው። ማስ ሂዩዝ የሚባል መኮንን አለ፤ የትንሿን ልጁን ፎቶ ላገኘው ሁሉ ካላሳየ እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት አባት። ይህ ሰው ይሞታል፤ ገና ያላያችሁት ይቅር በሉኝ። ብራዘርሁድ አሥረኛው ክፍል ላይ ገደለው። የ2003ቱ እስከ 25ኛው ክፍል አቆየው። አሥራ አምስት ክፍል ሙሉ አብረን ከረምን፣ ሰለቸን፣ ለመድነው፤ ከዚያ ነው የተነጠቅነው። ታማኙ ቶሎ ቀበረው፤ ከሃዲው አስለቀሰን። አንድን ታሪክ ወደ ሌላ ዕቃ የሚያሻግር ሰው አዲሱ ዕቃ ምን እንደሚችል ካላወቀ፣ ታማኝነቱ ብቻውን ምን ያደርግልናል?

ልጆቹ ስፒን ኦፍ ወደሚሏቸው ጥገኛ ታሪኮች ልምጣ። ቦሩቶ የናሩቶ ልጅ ነው፤ ማንጋው በ2016፣ አኒሜው በ2017 ወጣ። የአባቱን ስም ተሸክሞ የመጣ ልጅ ምን ያህል እንደሚከብደው ሰፈር ውስጥ ያየን እናውቃለን። እኔን የሚያስቀኝ ግን ሮክ ሊ ነው። ሮክ ሊ የኒንጃ አስማት ጨርሶ የማይሆንለት፣ ያለው ላብና ክርን ብቻ የሆነ ልጅ ነው። በ2010 ኬንጂ ታይራ የሚባል ሌላ ሠዓሊ፣ ከኪሺሞቶ ፈጠራ ተነሥቶ፣ ለዚህ ልጅ የራሱን የቀልድ ማንጋ ሣለለት። ዓለምን አያድንም፤ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ያስቃል። ትልቁን ታሪክ አልተሻማም፤ ለዚህ ነው የተሳካለት።

ይኼን ሁሉ የጃፓን ነገር ምን አመጣው የምትሉ አላችሁ። ያመጣው ወጋየሁ ንጋቱ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ፣ ታሪኩ ጎጃም ላይ የቆመ መጽሐፍ። ተዋናዩ ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ተረከው። ፍቅረኞቹን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን፣ መጽሐፉን ገልጠው የማያውቁ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ሁሉ ዐወቋቸው። ወጋየሁ ቃል አልፈጠረም፤ ፊቱ ላይ ያለው ያው መጽሐፍ ነው። ግን የሰብለ አባት የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት የቱ ጋ እንደሚያስቅ፣ ሰብለ የቱ ጋ ትንፋሽ እንደሚያጥራት የወሰነው እሱ ነው። ለያንዳንዱ ሰው የራሱን ድምፅ ሰጠው። ዛሬ መጽሐፉን ዓይኔ ሲያነበው እንኳ ጆሮዬ ውስጥ የሚናገሩት በወጋየሁ አንደበት ነው፤ ብዙዎቻችሁም እንደኔ ናችሁ። በዩቲዩብ ትረካው አለላችሁ፤ ሂዱና ስሙ። ለመጽሐፉም ለሬዲዮውም ታማኝ መሆን እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ከዚያ ደግሞ ቴዲ አፍሮ አለ። በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» በተሰኘው አልበሙ ውስጥ «ማር እስከ ጧፍ» የሚለውን ዘፈን ያነሣው ከዚሁ መጽሐፍ ነው። ያን ሁሉ ገጽ በደቂቃዎች ማን ይጨርሳል? አልሞከረውም። ፍቅሩን ብቻ ይዞ ወጣ፤ የርስቱን፣ የጭሰኛውን፣ የዘር ቆጠራውን ነገር ለመጽሐፉ ተወለት። ዘፈን የሚችለውን ዐውቆ ነው።

ትረካ አለን፣ ዘፈን አለን። እኔን የሚርበኝ ሮክ ሊ ነው፤ ማለትም የኛው ጉዱ ካሳ። ካሳን አስታውሱት። የተማረ፣ የወገኖቹን ወግ ፊት ለፊት የሚተች፣ እውነት በመናገሩ ምክንያት ሰው «ጉዱ» የሚል ስም የለጠፈበት። በመጽሐፉ ውስጥ የነበዛብህ ፍቅር አጃቢ ነው፤ መጨረሻው እንኳ እነሱ መቃብር ውስጥ ነው። ለመሆኑ በዛብህን ከማግኘቱ በፊት ካሳ ምን ዓይነት ተማሪ ነበር? መጀመሪያ የተጣላው ከማን ጋር ነው? ገበሬዎቹን ይዞ በፊታውራሪ ላይ የተነሣው አበጀ በለውስ፣ አንድ ቅጽ አይገባውም?

እጅ አጥተን አይደለም። በሥዕል ልብ ወለድ እንኳ መንገዱ ተጀምሯል፤ ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አውጥቷል፤ አዲስ አበባ ላይ ኃይል ያገኘ ወጣት ታሪክ ነው። ቀጥላ «ሐዊ» የራሷን መጽሐፍ ይዛ መጣች። ወሰን ላይ በደብተር ጀርባ ናሩቶን የሚስሉ ልጆች ደግሞ እንዴት እንደሚስሉ ብታዩ! ፀጉሩን፣ ግንባሩ ላይ ያሰረውን ብረት፣ አንድ መስመር አይስቱም።

ሕጉን ግን እንዳትረሱ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድን ሥራ ወደ ሌላ መልክ የመለወጥን መብት ለባለቤቱ ይሰጣል፤ መብቱም ደራሲው ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት አዋጁ በወጣበት በዚያው በ1996 ዓ.ም. ነው። እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ ጉዱ ካሳ ባለቤት አለው ማለት ነው። ይህ መከልከያ ሳይሆን በር ነው፤ ታይራም ሮክ ሊን የሣለው የኪሺሞቶን ስም ከላይ አስቀምጦ ነው። ወራሾችን ማነጋገር፣ አሳታሚ መፈለግ፣ ውል መፈራረም፤ የጃፓኑ ድግስ ሁሉ የቆመው በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ነው።

እና የወሰን ሠዓሊዎች፣ የምትሰሙኝ ከሆነ፣ መጀመሪያ ፈቃዱን ያዙ። ከዚያ ታሪኩን ከበዛብህ በፊት ጀምሩት፤ ሰብለን እስከ ሦስተኛው ቅጽ እንዳታመጧት፣ ከመጣች ሁሉን ትወስድባችኋለች። ፊታውራሪን ከወደዳችሁ እንደፈለጋችሁ አሳብጧቸው። ጉዱ ካሳን ግን አደራ፣ ቆንጆ አድርጋችሁ እንዳትስሉብኝ።