ብቻሽን ነሽ?

(በምሩቃን ማኅበራችን የዘንድሮ መገናኛ የእራት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሐኪሞች ጤና ሃያ ደቂቃ ተናገሪ» ብለውኝ ነበር። ስላይድም ሠርቼ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ዶሮ ወጥ የበላ ሰው ፊት ቆሞ ስለ ደም ግፊት ማውራት ግፍ ነው። ስላይዱን ቤት ትቼ ስለ ጎልፍ ላወራችሁ መጥቻለሁ። ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ እዚህ ከርሜ እጄ ለምዷል፣ ይቅርታ።

ጎልፍ ስል የምትሳሳቁትን አያለሁ። አልፈርድም። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ጎልፍ ማለት የቮልስዋገን መኪና ነው። ዱላና ኳስ ከተባለ ደግሞ የምናውቀው ገናን ነው፤ ሩሯን እያሳደዱ ቅልጥም ለቅልጥም መማታት፣ ጌታና ሎሌ ሳይለይ። ጎልፍ የዚያ ተቃራኒ ነው። ማንም አይነጥቃችሁ፣ ማንም አያሳድዳችሁ። ኳሷ ቆማ ትጠብቃችኋለች፤ እንዲያም ሆኖ ትስቷታላችሁ።

የጀመርኩት በ2016 ነው። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ ሐኪም ጡረታ ሲወጡ አሮጌ ዱላዎቻቸውን ከነቦርሳው ሰጡኝ። «ከሰው የምታርፊበት ቦታ ያስፈልግሻል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የኩላሊት ሐኪም ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ያናግረኛል፣ ማታ ስልኩ ያናግረኛል። ስለዚህ ፍላጎቴ አንድ ብቻ ነበር፤ አራት ሰዓት ሙሉ ማንም ሳያናግረኝ ሣር ላይ መራመድ።

ይህ ፍላጎት በዋሽንግተን አካባቢ የሕዝብ ሜዳዎች ላይ ቅዳሜ ጠዋት ምን እንደሚገጥመው ልንገራችሁ። ሜዳው በየስምንትና በየአሥር ደቂቃው አራት አራት ሰው ያስገባል። አንድ ሰው ብቻውን ሲመጣ የሦስት ሰው ገንዘብ ጎደለ ማለት ነው። በቅዳሜና እሑድ ጠዋት ለአንድ ሰው ቀጠሮ ጨርሶ የማይሸጡ ሜዳዎች አሉ። ስለዚህ ሄዳችሁ ትቆማላችሁ፤ ስታርተር የሚሉት ሰው፣ ማለትም ተራ አስከባሪው፣ ወረቀቱን ይዞ ቀና ይልና «ብቻሽን ነሽ?» ይላል።

እናንተዬ፣ ይህን ጥያቄ እኔ ከአክስቶቼ አውቀዋለሁ። ከሰላሳ ዓመቴ ጀምሮ በየሠርጉ ሲጠይቁኝ ኖረዋል። ፈረንጅ በማለዳ ሜዳ ላይ ይደግመዋል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

«አዎ፣ ብቻዬን ነኝ» ስትሉ ሦስት ሰው ብቻ ያለበት ቡድን ይፈልግና ይለጥፋችኋል። አንድ ሜዳ ላይ፣ ስሙን አልጠራም፣ ስታርተሩ ቦርሳዬን እያየ «ባልሽን ነው የምትጠብቂው?» ብሎኝ ያውቃል። ሌላ ጊዜ ከእኔ በኋላ የመጡ ሁለት ብቸኛ ወንዶች ሲገቡ እኔ አንድ ሰዓት ተኩል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ተናደድኩ፤ ግን ወደ ቤት አልተመለስኩም። በእንግዳ መቀበያ ያስቀመጥናቸውን በሽተኞች አሰብኩ።

በጨዋታው ወግ ዘንድ ብቻውን የሚጫወት ሰው ለረጅም ዘመን እንደ ሰው አይቆጠርም ነበር። የድሮው የሥነ ምግባር መመሪያ ብቸኛ ተጫዋች ሜዳው ላይ ምንም ደረጃ እንደሌለውና ለማንኛውም ቡድን መንገድ መልቀቅ እንዳለበት ይናገር ነበር። በ2004 ተሻሻለና «ቡድን» የሚለው ቃል አንድ ሰውንም ይጨምራል ተባለ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ዱላ ባነሳሁበት በዚያው በ2016 የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ብቻ በመሆን የተገኘ ውጤት ለሃንዲካፕ አይመዘገብም የሚል ደንብ አወጣ። ሃንዲካፕ የተጫዋቹን የችሎታ ደረጃ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ያላየነውን አንፈርምም ነው ነገሩ፣ እኛም በሕክምና ካርድ ላይ እንዲያው ነን። ቢሆንም በሕይወቴ ከተጫወትኳቸው ሁሉ ምርጡን ቀን ሳይመሽ ብቻዬን ተጫውቼዋለሁ፤ በደንቡ መሠረት ያ ቀን አልነበረም።

ሙያው በጥበቃ ነው የሚለመደው። ከፊታችሁ አራት ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ ፊት ደግሞ ሌሎች አራት። ብቻውን ያለ ሰው ፈጣን ነው፤ ይደርስባቸዋል። ጀማሪ ሳለሁ ከጀርባቸው ቆሜ ወገቤን ይዤ እተነፍስ ነበር። ቢያሳልፉኝስ? ከሚቀጥሉት አራት ጀርባ እንደገና እቆማለሁ፣ እነሱንም በከንቱ አቋርጫለሁ። መንገዱ ከፊታቸው ባዶ ከሆነ ማሳለፍ ተገቢ ነው፤ ሞልቶ ከሆነ ግን አሳልፉኝ ማለት ነውር ነው። አሁን ሲሞላ ዛፍ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። ወይም ሁለት ኳስ እጫወታለሁ፤ አንዷ ከሌላዋ ጋር ትወዳደራለች። ኳስ ከጠፋች ደንቡ የሚፈቅደው የሦስት ደቂቃ ፍለጋ ነው፤ በ2019 ከአምስት ቀነሱት። ብቸኛ ሰው የሚፈልግለት ስለሌለ ሦስቱ ደቂቃ ቶሎ ያልቃል። ብቻ መሆን የሚከፋው እዚያ ላይ ነው፤ ኳሷ የት እንደወደቀች ያየ ሌላ ዓይን የለም።

በእርግጥ ብቻዬን መጫወት የሚሳካልኝ አልፎ አልፎ፣ በሥራ ቀን ወደ ማታ ነው። ብዙውን ጊዜ የምጫወተው ከማላውቃቸው ሦስት ሰዎች ጋር ነው። አናጺ፣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ ከአባቱ ጋር የመጣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በምት በልጦኝ ያውቃል። ሐኪም መሆኔን አልናገርም። አንድ ጊዜ ተሳስቼ ተናገርኩና ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ሳንደርስ አንዱ የክሬያቲኒን ውጤቱን በስልኩ አሳየኝ። (ጥሩ አልነበረም። ወደ ሐኪሙ እንዲሄድ አደረግሁ።) ከዚያ ወዲህ «ቢሮ ነው የምሠራው» እላለሁ።

ስለ ጤና ተናገሪ ለተባልኩት ያህል፦ በስዊድን ከ300 ሺህ በላይ የጎልፍ ተጫዋቾችን የተከታተለ ጥናት አለ። የሞት መጠናቸው በዕድሜ፣ በጾታና በኑሮ ደረጃ ከሚመስሏቸው ሰዎች በ40 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ፕሮፌሰር፣ ፊትዎን እያየሁ ነው፤ አዎ፣ ጤነኛ የሆነ ሰው ነው ጎልፍ የሚጫወተው፣ መንስኤና ውጤት አልተለየም። እንዲያ ብለው ነው ያስተማሩን። ግን አሥራ ስምንቱን ጉድጓድ በእግር የጨረሰ ሰው ከስምንት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ያንን እኔ ለበሽተኛ ባዝዝ ማንም አይፈጽምልኝም።

አንዳንዴ የምጫወተው ላንግስተን በሚባለው ሜዳ ነው፣ አናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ። አንዲት እናቴ የሚሆኑ ጥቁር ሴት አብረውኝ ሲጫወቱ ታሪኩን ነገሩኝ፤ በኋላም አነበብኩት። በ1937 በሄለን ዌብ ሃሪስ ቤት 13 ጥቁር ሴቶች ተሰብስበው ዌክ ሮቢን የተባለ የጎልፍ ክለብ አቋቋሙ። የሚጫወቱበት ደህና ሜዳ አልነበራቸውም። ለአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ለሃሮልድ ኢኪስ አቤቱታ አቀረቡ፤ በ1939 ላንግስተን ተከፈተ፣ መጀመሪያ ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ። የቀሩት የከተማዋ የሕዝብ ሜዳዎች ለጥቁሮች የተፈቀዱት በ1941 ነው፤ ያኔም የሄዱት ተጫዋቾች ስድብና ድንጋይ ጠብቋቸዋል። እኔ አንድ ሰዓት ተኩል አስቀመጡኝ ብዬ ስነጫነጭ ሴትዮዋ ምንም አላሉኝም። «ኳስሽ ግራ ሄዳለች» ብቻ አሉ።

አሁን ወደመጣሁበት ነገር ልግባ።

በሜይ 2020 የት እንደነበርን ሁላችንም እናስታውሳለን። የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ሞልቶ ኩላሊታቸው የደከመባቸውን በሽተኞች ማጠቢያ መሣሪያ ለማን ቀድመን እንደምንሰካ እንከራከር ነበር። አንድ ረቡዕ ሌሊት እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። እማዬ አርፋለች፤ በኮሮና አይደለም፣ በልቧ። ቀብሩ ሐሙስ ሆነ። መሄድ አልቻልኩም፤ ብሄድም የሚጠብቀኝ አሥራ አራት ቀን ለይቶ ማቆያ ነበር። ሐሙስም ዓርብም ሥራ ገባሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሜሪላንድ የጎልፍ ሜዳዎቿን የከፈተችው በዚያው ሳምንት ነው። ሌላ የሚኬድበት ስለሌለ ከተማው በሙሉ ጎልፍ ሜዳ ወጣ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ፤ ብቻዬን ልሆን። ስታርተሩ ጭምብሉን አድርጎ ከሩቅ «ብቻሽን ነሽ?» አለኝ። አዎ አልኩ። «ዛሬ ብቻውን የሚገባ የለም» ብሎ ከሦስት ወንዶች ጋር አስገባኝ።

አምስት ጉድጓድ ያህል ማንም ብዙ አላወራም። ስድስተኛው ላይ መንገዱ ተዘጋ፤ ሁለት ቡድን ከፊታችን ቆሞ ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ተራርቀን ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ከሦስቱ አንዱ፣ ግንበኛ ነው፣ ለወሬ ያህል ዞር ብሎ «ለእናትሽ ደወልሽላት?» አለኝ። የእናቶች ቀን ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ።

«ሐሙስ ቀበሯት» አልኩት።

አፌን አላመንኩትም። ሦስቱም ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሁለት ሜትር ርቀው ቆሙ፤ ሊነኩኝ አይችሉም፣ የሚሉትም አላገኙም። ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌው «ስማቸው ማን ነበር?» አለ። ነገርኩት። ሊጠራው ሞከረ፤ አበላሸው፤ ደግሞ ሞከረ። መንገዱ ተከፈተ፣ ተጫወትን። ኳሴ ጫካ ስትገባ ሦስቱም ገብተው ፈለጉ፤ ከሦስት ደቂቃ በላይ። ጨርሰን መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ እሄዳለሁ ብዬ ነበር። እነሱ ግን የየመኪናቸውን ኋላ ከፍተው ተቀመጡ፣ እኔም ተቀመጥኩ። ስለ እማዬ ጠየቁኝ፤ ስለ ጠላዋ፣ ስለ ቁጣዋ፣ ሐኪም ሆኜ ስመረቅ ኮፍያዬን ነጥቃ እሷ አድርጋው ፎቶ መነሣቷን ነገርኳቸው። መሸ። አንደኛው ወንድ አለቀሰ። እኔ ያለቀስኩት ቤቴ ገብቼ ነው።

እንግዲህ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከቤቴ በአርባ ደቂቃ መንገድ ውስጥ የምትኖሩ ስምንት የክፍል ጓደኞቼ ተቀምጣችኋል። እማዬን ታውቋታላችሁ፤ በፈተና ሰሞን ድርቆሽ በፌስታል እየላከች አብልታችኋለች። መሞቷን የሰማችሁት ከአርባዋ በኋላ፣ ያውም በእህቴ በኩል ነው። ከመካከላችሁ አንዷ ድስት ተሸክማ በሬ ላይ መጥታ «ምን አድርገንሽ ነው?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። ድስቱን ተቀበልኩና ስለ ጭምብል አወራሁ። ከዚያ ወዲህ ሁላችሁም ጨዋ ሆናችሁ አንድም ቀን አላነሣችሁትም፤ እኔም ከናንተ እየራቅሁ ሄድኩ።

መልሱ ይህ ነው። እናንተ ብትመጡ ኖሮ ሙሾ ይወርድ ነበር፤ እማዬ እማዬ ትሉ ነበር፤ ወለሉ ላይ ፍራሽ ይነጠፍ ነበር። እኔ ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት አሥራ አንድ በሽተኛ ነበረኝ። ከተቀመጥኩ የምነሣ አልመሰለኝም። እነዚያ ሦስቱ አሥራ ስምንተኛው ጉድጓድ ላይ እንደሚያልቁ አውቅ ነበር፤ እናንተ አታልቁም። ከእናንተ ይልቅ እነሱን አምኜ አልነበረም። ሐኪም ነኝ፣ ደህና ነኝ ማለት ከለመድኩ ቆይቻለሁ፤ ይህን ደግሞ ከዚህ ትምህርት ቤት በትምህርትነት ባንወስደውም አብረን ተለማምደነዋል። ሌሊት ተረኛ ሆነን በሽተኛ ሲሞትብን ደረጃ ላይ ቆመን ሻይ እንጠጣና ወደሚቀጥለው አልጋ እንሄድ ነበር። ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ለቅሶዬን ስለከለከልኳችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ድስቷንም እስካሁን አልመለስኩም፤ መኪናዬ ውስጥ ናት፣ ስንወጣ ትወስጃታለሽ።

አሁንም ብቻዬን እጫወታለሁ፤ ያንን አልተውም። ነገ ግን ከጠዋቱ 1:10 ላይ ለአራት ሰው ቀጠሮ ይዣለሁ። አንዱን ቦታ ፕሮፌሰር ወስደዋል፤ ዱላ ይዘው አያውቁም፣ የስዊድኑን ጥናት እየተቹ ይሄዳሉ። ሁለት ቦታ ክፍት ነው። ዱላ አለኝ፣ ስኒከር ይበቃል። ስታርተሩ ግን የሐበሻ ቀጠሮ አያውቅም፤ 1:10 ሲል 1:10 ነው።