ስለ ሜዳ ቴኒስ የነጥብ አቆጣጠር



ማናቸውም ጨዋታ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ጕልበትና ብልሃት ነው፤ ሁለተኛው ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ቍጥር ነው። ጕልበቱ ኖሮ ቍጥሩ ያልታወቀ እንደሆነ ጨዋታው ወደ ክርክር፣ ክርክሩም ወደ ጠብ ይለወጣል። ይህንን ለመረዳት ባሕር መሻገር አያሻም። በጉና ተራራ ዙሪያና ከዚያም ወዲያ ባሉት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር ያደገ ሰው የገና ጨዋታን ያውቃል። ሩሯ ከወሰኑ አልፋለች የሚለውና አላለፈችም የሚለው ወገን ሲከራከሩ፣ ለመጫወቻ የተያዘው ዱላ ለሌላ ነገር እንዳይውል ሽማግሌ መካከል ይገባል። ያን ጊዜ የሚጣላው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሚያስታርቀው ቍጥር በመካከል ስለ ጠፋ ነው።

ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት የሜዳ ቴኒስ ነጥብ እንዴት እንደሚቈጠር ነው። ብዙዎቻችሁ ከሥራ በኋላ በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣችሁ፣ ኳሲቱ ከመረቡ ወዲህና ወዲያ ስትመላለስ ታያላችሁ። ነገር ግን ዳኛው «15፣ 30፣ 40» ሲል በሰማችሁ ጊዜ፣ አንድ ኳስ እንዴት 15 ሊያወጣ እንደሚችል፣ ከ30 በኋላም 45 መሆን ሲገባው ስለ ምን 40 እንደሚባል አስባችሁ ትተዋችሁት ይሆናል። ነገሩ ግን በሚገባ ከተገለጠ አንድ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ከማንበብ የሚከብድ አይደለም።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ሰዎች እናቁም። ሁለቱም በነፋስ መውጫ ከተማ የሚሠሩ መምህራን ይሁኑ፤ አንዱ የስማዳ ሰው፣ ሁለተኛው የእስቴ ሰው ነው እንበል። በትምህርት ቤቱ ግቢ ርዝመቱ 23 ሜትር ከ77 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 8 ሜትር ከ23 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሜዳ በኖራ አሠመሩ። ይህ ለሁለት ተጫዋቾች የተወሰነው ልክ ነው። በመካከሉም ወገብ የሚያህል መረብ ዘረጉ። ኳሱን መጀመሪያ የሚመታው፣ ወይም በጨዋታው ቋንቋ «ሰርቭ» የሚያደርገው የስማዳው ነው።

የስማዳው የመጀመሪያውን ነጥብ ሲያገኝ 15 ይባላል፤ ሁለተኛውን ሲያገኝ 30፤ ሦስተኛውን ሲያገኝ 40፤ አራተኛውን ሲያገኝ «ጌም» ሆነለት ይባላል። እንግዲህ 15፣ 30 እና 40 የነጥብ ስሞች ናቸው እንጂ ሒሳብ አይደሉም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ለማለት የቆመ የአነጋገር ልማድ ነው። ልማዱም የመጣው በመዳፍ ኳስ እየመቱ ይጫወቱት ከነበረው ከጥንቱ የፈረንሳይ ጨዋታ ነው። በዚያ ዘመን ሦስተኛው ነጥብ 45 ይባል ነበር፤ ኋላ በአነጋገር እያጠረ ሄዶ 40 ሆኖ ቀረ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1877 የመጀመሪያው የዊምብልደን ውድድር በለንደን ሲደረግ፣ አዘጋጆቹ ይህንኑ ጥንታዊ አቆጣጠር መረጡ፤ ዓለምም እስከ ዛሬ በዚሁ ይጫወታል።

ምንም ነጥብ የሌለው ሰው በእንግሊዝኛው አነጋገር «ላቭ» ይባላል፤ ትርጕሙም በዚህ ቦታ ባዶ ማለት ነው። ሁልጊዜም አስቀድሞ የሚጠራው ኳስ የሚጀምረው ሰው ነጥብ ነው። ስለዚህ የስማዳው አንድ፣ የእስቴው ሁለት ነጥብ ቢኖራቸው «15 ለ30» ይባላል። ሁለቱ ሦስት ሦስት ነጥብ ቢያገኙ ግን «40 ለ40» በማለት ፈንታ «ዲዩስ» ይባላል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ሁለት ነጥብ ቀርቷል እንደ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ አንዱ ጌሙን ለመውሰድ ሁለት ነጥብ በተከታታይ ማግኘት አለበት። አንዱን ያገኘ እንደሆነ «አድቫንቴጅ» አለው ይባላል፤ የሚቀጥለውን ቢጨምር ጌሙ የእርሱ ይሆናል፤ ቢያጣ ግን እንደገና ወደ ዲዩስ ይመለሳሉ። ይህም መመላለስ ወሰን የለውም።

ጌሞቹ ተሰብስበው የሚሠሩት ሁለተኛ ደረጃ አለ። ይህ በእንግሊዝኛ «ሴት» ይባላል፤ በቋንቋችን ግን ከእናቶቻችንና ከእኅቶቻችን ስም ጋር እንዳይደባለቅብን እኔ በዚህ ንግግር «ዙር» እለዋለሁ። አስቀድሞ 6 ጌም ያገኘ ሰው ዙሩን ያሸንፋል፤ ነገር ግን ባላጋራውን በሁለት ጌም መብለጥ አለበት። ስለዚህ 6 ለ4 ማሸነፍ ነው፤ 6 ለ5 ግን ገና አይደለም፤ 7 ለ5 መድረስ ያስፈልጋል። 6 ለ6 የሆኑ እንደሆነ «ታይ ብሬክ» የሚባል መለያ ይጫወታሉ። በዚህ መለያ 15 እና 30 ማለት ይቀርና እንደ ተራ ሒሳብ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ ይቈጠራል፤ በሁለት ነጥብ በልጦ አስቀድሞ 7 የደረሰ ዙሩን 7 ለ6 ይወስዳል። ሦስተኛውና የመጨረሻው ደረጃ ግጥሚያው ነው። በአብዛኛው ውድድር ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ፣ በአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ደግሞ በወንዶች ከአምስት ዙር ሦስቱን ያሸነፈ ባለ ድል ይሆናል።

በዚህ ሁሉ መካከል ተጫዋቾቹ አንደኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ጌም ሲያልቅ፣ እንዲህ እያሉ በየጎዶሎው ቍጥር ቦታ ይለዋወጣሉ። ፀሐይና ነፋስ ለአንዱ ብቻ እንዳያደሉ የተደረገ ሥርዓት ነው። ስሟን ከነፋስ ባገኘች ከተማ ለሚጫወቱት ለሁለቱ መምህሮቻችን የዚህ ደንብ ጥቅም ብዙ ማስረዳት የሚፈልግ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። የስማዳው ሁለት ጌሞች እያንዳንዱን አራት ለሁለት በሆነ ነጥብ አሸነፈ እንበል። የእስቴው ደግሞ አንዱን ጌም አራት ለባዶ ወሰደ። ነጥቡን ብንደምር የስማዳው 8፣ የእስቴውም 8 አላቸው፤ ልክ እኩል ናቸው። በጌም ግን የስማዳው 2 ለ1 ይመራል። የእስቴው በአንዱ ጌም ያተረፈው ትርፍ ወደ ሌላው አልተሻገረለትም።

በገበጣ እንዲህ አይደለም። በገበጣ የተለቀመው ጠጠር ሁሉ ይጠራቀማል፤ በመጨረሻም ብዙ ያለው ይበልጣል። ቴኒስ ግን በየጊዜው መዝገቡን ይዘጋል። ለመንግሥት ሠራተኛ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁና። ያልተሠራበት ገንዘብ ለመሥሪያ ቤቱ ትርፍ ሆኖ አይቀመጥለትም፤ ሐምሌ 1 ቀን አዲስ መዝገብ ይከፈታል። የቴኒስ ዙርም እንዲሁ ነው። 6 ለ0 ያሸነፈና 7 ለ6 ያሸነፈ ሁለቱም አንድ ዙር ብቻ አላቸው፤ በሚቀጥለው ዙር ሁለቱም ከባዶ ይነሣሉ።

ከዚህም የተነሣ ብዙ ነጥብ ያገኘው ሰው የሚሸነፍበት ጊዜ አለ። በ2002 ዓ.ም. ከሰኔ 15 እስከ 17 ቀን አሜሪካዊው ጆን ኢስነርና ፈረንሳዊው ኒኮላ ማዩ በዊምብልደን ሦስት ቀን የፈጀ ግጥሚያ አደረጉ። የተጫወቱበት ጊዜ ሲደመር 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ሆነ፤ የመጨረሻው ዙር ብቻ 70 ለ68 ተፈጸመ። ማዩ 502 ነጥብ፣ ኢስነር 478 ነጥብ አገኙ፤ ያሸነፈው ግን ኢስነር ነው። እንደዚሁም ሐምሌ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. በዚያው በዊምብልደን በተደረገው የፍጻሜ ግጥሚያ ሮጀር ፌደረር 218 ነጥብና 36 ጌም፣ ኖቫክ ጆኮቪች 204 ነጥብና 32 ጌም ሲያገኙ፣ ዋንጫውን የወሰደው ጆኮቪች ነው፤ ሦስቱን መለያዎች ሁሉ ያሸነፈ እርሱ ነበርና። ዳኛው ሒሳብ ስቶ አይደለም። ጆኮቪች ቍጥሩ በሚዘጋበት ሰዓት በርትቶ ስለ ተገኘ ነው።

ከወገኖቻችንም ምሳሌ አለ። ኤልያስ ይመርና ሚካኤል ይመር ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በስዊድን አገር የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው፤ አባታቸው የረጅም ርቀት ሯጭ ነበሩ። በጥቅምት ወር 2009 ዓ.ም. ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ወገን ተሰልፈው የስቶክሆልምን የጥንድ ውድድር ፍጻሜ 6 ለ1፣ 6 ለ1 አሸነፉ። ታናሽየው ሚካኤል ደግሞ በ2015 ዓ.ም. በዊምብልደን ሁለተኛ ዙር ማጣሪያ ከአሜሪካዊው ከቴይለር ፍሪትዝ ጋር ተገናኘ። ፍሪትዝ በውድድሩ 9ኛ ሆኖ የተመደበ ብርቱ ተጫዋች ነው። ሚካኤል የመጀመሪያውን ዙር 3 ለ6፣ ሁለተኛውን 2 ለ6 ተሸነፈ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ያን ሰዓት ጌሞቹ ሁሉ ቢደመሩ ፍሪትዝ 12፣ ሚካኤል 5 ነበራቸው። ቍጥሩ እንደ ገበጣ የሚጠራቀም ቢሆን ኖሮ የሰባት ጌም ዕዳ ተሸክሞ ሦስተኛውን ዙር ይጀምር ነበር። የቴኒስ ሕግ ግን ያን ዕዳ በጀርባው ላይ አልጫነበትም፤ ሦስተኛው ዙር 0 ለ0 ተብሎ ተጀመረ። ሚካኤልም 6 ለ3፣ 6 ለ4፣ 6 ለ2 በተከታታይ አሸንፎ ግጥሚያውን ወሰደ። በጠቅላላው 23 ጌም ለ21 ሆነ። በሚቀጥለው ማጣሪያ ቢሸነፍም ይህ ድል ከስሙ ጋር ይኖራል።

ቴኒስ ሰዓት የለውም። በእግር ኳስ ሁለት ግብ የቀደመ ቡድን ኳሱን እየያዘ ጊዜውን ሊጨርስ ይችላል። በቴኒስ ግን የመራ ሰው ተደብቆ የሚያሸንፍበት ሥፍራ የለም፤ የመጨረሻዋን ነጥብ ራሱ መትቶ ማግኘት አለበት። የተመራው ሰውም ያች ነጥብ እስክትጠፋ ድረስ አልተሸነፈም። ስለዚህ ይህ አቆጣጠር ለመሪው ትጋትን፣ ለተመሪው ተስፋን ያስተምራል ማለት ይቻላል።

በመጨረሻ ወደ ነፋስ መውጫው ሜዳ ልመልሳችሁ። ለሁለቱ መምህራን ከፍ ባለ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ዳኛ የላቸውም። ታዲያ ማን ይፍረድ? የጨዋታው ሕግ መልስ አለው። ዳኛ በሌለበት ጊዜ እያንዳንዱ ተጫዋች በራሱ ወገን ለወደቀችው ኳስ ራሱ ይፈርዳል። መሥመር የነካች ኳስ እንደ ገባች ትቈጠራለች። ተጫዋቹ ኳሷ መውጣቷን በእርግጥ ያላየ እንደሆነ ደግሞ ጥርጣሬው የሚጠቅመው ባላጋራውን ነው እንጂ እርሱን አይደለም። ኳስ የሚጀምረው ሰው ከእያንዳንዱ ነጥብ በፊት ቍጥሩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። በቍጥሩ ያልተስማሙ እንደሆነ ሁለቱ የሚስማሙባቸውን ነጥቦች ያጸናሉ፤ ያልተስማሙበትን ብቻ እንደገና ይጫወታሉ።

ክቡራን አድማጮች፤ ይህን ደንብ ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ወስዳችሁ ተመልከቱት። ፍርዱ በእጃችሁ ሆኖ ተመልካች በሌለበት ሰዓት በራሳችሁ ላይ መፍረድ፣ ጥርጣሬውን ለባለጉዳዩ መተው፣ ሒሳቡን ከመጀመራችሁ በፊት ጮክ ብሎ ማሰማት፣ ሲያከራክርም የተስማማችሁበትን ሳታፈርሱ ያልተስማማችሁበትን ብቻ መመርመር፤ ይህን የለመደ ጸሐፊ ወይም ገንዘብ ያዥ መዝገቡ ሲመረመር አይደነግጥም። እንዲህ ያለ ልማድ ደግሞ ከልጅነት ቢጀመር ይበልጣል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ላሉ ትምህርት ቤቶች ራኬትና ኳስ ለማግኘት ወጪ ይጠይቅ ይሆናል። ሜዳውን ለማሥመር ግን ጥቂት ኖራ ይበቃል፤ ቍጥሩንና እውነቱን ለማስተማርም ምንም ወጪ የለበትም። ከልጆቻችሁ ጋር በቴሌቪዥን በምታዩበት ጊዜ እንኳ ነጥቡን እነርሱ ይቍጠሩ፤ ሲሳሳቱም ወደ ተስማማችሁበት ነጥብ መልሷቸው።