«ኢትዮጵያ» ስለ ተባለችው ረዳት መርከብ
(ለመምህራንና ለሽማግሎች የተነገረ)

በአዲስ አበባ ሰሜን፥ በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል፥ የአገር በቀል ዛፍ ችግኝ በመደብ ላይ ይታያል። እስኪጠነክር ድረስ ውሃ ይጠጣል፥ ከፀሐይ ይጠለላል፥ ከአረም ይጠበቃል፤ ከዚያም በኋላ ወደ ተራራው ይሄዳል። የዛፉን ጥላ የሚያመሰግን ሰው ብዙ ነው፤ መደቡን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። በባሕርም ላይ እንደዚሁ ለሌሎች ማደሪያና ስንቅ ይሆኑ ዘንድ የተሠሩ መርከቦች አሉ። ከነዚህም አንዲቱ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር።

ይህች መርከብ በአሜሪካ፥ በምዕራቡ በዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ በመስከረም 1935 ዓ.ም. ወደ ውሃ ወረደች፤ በጥር 1936 ዓ.ም. ሥራ ጀመረች። ያን ጊዜ ስሟ «ኦርካ» ነበር፤ ርዝመቷም 95 ሜትር ያህል ነው። የተሠራችው በውሃ ላይ የሚያርፉትን አይሮፕላኖች ለመርዳት ነው። አይሮፕላን በሰማይ ሲበር ባለሙሉ ሥልጣን ይመስላል፤ ቤንዚኑ ያለቀ ጊዜ ግን ማዕበል እንደሚያንገላታው ቅርፊት ነው።

ስለዚህ መርከቢቱ ከነፋስ ወደ ተከለለ ወሽመጥ ገብታ መልሕቋን ትጥላለች። ጥልቅ ውሃ ሳትፈልግ እንድትሄድ ሆና ስለ ተሠራች፥ ታላላቆቹ መርከቦች ከማይገቡበት ወደብ ትገባለች። ለአይሮፕላኖቹ በውሃው ላይ መታሰሪያ ታበጃለች፤ በጀልባ ምግብና ጥይት ትልካለች፤ በቧንቧ ቤንዚን ትሰጣለች፤ የተበላሸው ካለም ባለሙያዎቿ ይጠግኑታል። አብራሪዎቹም በውስጧ ይበላሉ፥ ይተኛሉ። የራሷ ሠራተኞች 215 ያህል ሲሆኑ፥ የአይሮፕላኑ ክፍል ሰዎች ሲጨመሩ እስከ 367 ሰው ትይዝ ነበር።

ይህን ያህል ሰው በጠባብ ቤት ተስማምቶ እንዲኖር የሚያደርገው ሥርዓት ነው። በመርከብ ልማድ ቀኑና ሌሊቱ በአራት በአራት ሰዓት ተከፍሎ፥ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነቃል፤ ሞተሩም መሪውም ያለ ጠባቂ አያድርም። የባሕር ውሃ ቢበዛም አይጠጣም፤ ስለዚህ ጨዋማው ውሃ ፈልቶ፥ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ንጹሕ ውሃ ይወጣል፤ ይኸውም በየመንደሩ አረቄ የሚወጣበት ጥበብ ነው። ጨው ብረት ይበላልና ዝገት መፋቅና ቀለም መቀባት የማያልቅ ሥራ ነው። ወጥ ቤቱ፥ ሞተረኛው፥ ቀለም ቀቢው ስማቸው በታሪክ አይጻፍም፤ ነገር ግን አንዱ ሥራውን ቢያጓድል አብራሪው ከውሃው አይነሣም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው እንዲህ ላለው ኑሮ ይስማማል።

በ1954 ዓ.ም. መርከቢቱ ወደ ኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተዛወረች፤ ስሟም ተለውጦ «ኢትዮጵያ» ተባለች። ማረፊያዋ ምጽዋ ሆነ። ከባሕር ኃይሉ መርከቦች ሁሉ ትልቋ እርስዋ ነበረች፤ ዋናው ጥቅሟ ግን የማሠልጠኛ መርከብ መሆኗ ነው። ቀድሞ ለአብራሪዎች ማደሪያ የነበረችው አሁን ለባሕር ተማሪዎች ማደሪያና ትምህርት ቤት ሆነች። ከባሕር ርቆ ያደገ ወጣት መሪ መያዝን፥ ዘብ መጠበቅን፥ የባልንጀራውን እንቅልፍ ማክበርን በእርስዋ ላይ ተማረ።

ከዚያ በኋላ ጦርነት መጣ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ከመንግሥቱ ጦር እጅ ወጣች። በ1983 ዓ.ም. መርከቢቱ ወደ የመን ሸሸች፤ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ዓመት ለብረቷ ሲባል ተሸጠች። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች፥ ኢትዮጵያም የባሕር በር የሌላት ሆና ቀረች። ብዙዎችን ያሳደረች መርከብ በመጨረሻ የምታድርበት ወደብ አጣች።

ይሁን እንጂ ሙያው ከብረቱ ጋራ አልቀለጠም። የኢትዮጵያ የንግድ መርከቦች በጅቡቲ ወደብ ዕቃ ያራግፋሉ፤ በጣና ዳር በባሕር ዳር ከተማም ወጣቶች የመርከብ ሞተር ትምህርት ይማራሉ። ነገር ግን መጽሐፍ የማይነግረው፥ በልምድ ብቻ የተገኘ ዕውቀት፥ ባለቤቱ ሲሞት አብሮት ይቀበራል።

ስለዚህ መምህሩ ጨው ያለበትን ውሃ በድስት አፍልቶ፥ እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ክዳን ላይ ሲጠራቀም ለልጆቹ ያሳይ፤ ልጆቹም ጠብታውን ቀምሰው ጨው እንደሌለበት ይረዱ። ሽማግሎቹ ደግሞ በመንደሩ ቀድሞ ባሕረኛ የነበረ ሰው እንዳለ ይጠይቁ። ቢገኝ አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ ይጠራ፥ ወንበር ይሰጠው፥ ሌሊት በዘብ ላይ ሳለ ምን ይሠራ እንደ ነበረም ልጆቹ ከራሱ አፍ ይስሙ።