ከጢሮአዳ እስከ አሶን በእግር
የሐዋርያት ሥራ 20፥13-14

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ላይ ክፈቱ። አውጤኪስ የሚባለው ወጣት ከሦስተኛው ደርብ ወድቆ የተነሣበትን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስንት ጊዜ ተሰብኳል! ቀጥለው ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ግን የመርከብ ጉዞ ዝርዝር ስለሚመስሉን ዘለናቸው እናልፋለን።

ዛሬ አንለፋቸው። ጳውሎስ ሌሊቱን ሙሉ ሲናገር አድሯል፤ አልተኛም። ነጋ። መርከብ አለ። ጢሞቴዎስ አለ፣ ቲኪቆስ አለ፣ ይህን የጻፈልን ሉቃስ ራሱ አለ። እርሱ ግን እነርሱን በመርከብ አስቀደመና አሶን ላይ እንዲቀበሉት ነግሯቸው በእግሩ መንገድ ጀመረ።

ሁለቱ ከተሞች ዛሬ ቱርክ በምንላት አገር፣ በሰሜን ምዕራብ፣ በኤጂያን ባሕር ዳር የነበሩ ናቸው። መርከቡ ወደ ባሕር የገባውን የምድር ጫፍ ዞሮ ይሄዳል፤ እግረኛው በየብስ ያቋርጣል። ቢያቋርጥም በቀጥታ መስመር ብቻ ከ30 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ጥምዝምዙ ሲጨመርበት ከማለዳ እስከ ማታ የሚያስኬድ ነው፤ ያውም ላልተኛ ሰው። አብሮት የሄደ ነበር? ሉቃስ ማንንም አይጠራም። «እኛ» የሚለው በመርከብ ያሉትን ነው።

ለምን በእግሩ? አንዳንዱ ባሕር ፈርቶ ነው ይላል። እርግጥ ሦስት ጊዜ መርከብ ተሰብሮበታል፤ ሌሊትና ቀን በጥልቁ ውስጥ አሳልፏል (2ኛ ቆሮ. 11፥25)። ግን እኮ አሶን እንደ ደረሰ መርከብ ላይ ወጣ! ደግሞ የየብሱ መንገድ ወንበዴ እንዳለበት ራሱ በሚቀጥለው ቁጥር ላይ ይነግረናል።

እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ጳውሎስ በዚያ ማለዳ የተሸከመውን ሸክም ከደብዳቤው እናውቀዋለን። ከዚያ ጉዞ ጥቂት ቀደም ብሎ ለሮሜ ምእመናን ሲጽፍ፣ በይሁዳ ካሉት ከማይታዘዙት እንዲድን፣ ለኢየሩሳሌም ድሆች የያዘውም ስጦታ ተቀባይነት እንዲያገኝ በጸሎት እንዲያግዙት ለምኗቸዋል (ሮሜ 15፥30-31)። ከአሶን ከተነሣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ሚሊጢን ላይ ለኤፌሶን ሽማግሌዎች፣ በየከተማው እስራትና መከራ እንደሚጠብቀው መንፈስ ቅዱስ እንደሚመሰክርለት ይነግራቸዋል። ይነግራቸዋል፣ ግን አይመለስም። በልመናውና በዚህ ቁርጠኝነት መካከል የአንድ ቀን የእግር መንገድ አለ።

እስቲ ወደ ምዕራፍ 21 እለፉ። ጢሮስ ላይ ደቀ መዛሙርት ወደ ኢየሩሳሌም አትውጣ አሉት። ቂሳርያ ላይ አጋቦስ በጳውሎስ መታጠቂያ እጅና እግሩን አስሮ ሲናገር ሁሉም ለመኑት፤ ሉቃስም ሳይቀር። የሚጠሉህ ሰዎች ቢከለክሉህ ቀላል ነው። የሚወዱህ ሲያለቅሱብህ ግን የእግዚአብሔርን ድምፅ ከእንባቸው መለየት እንዴት ይከብዳል! ጳውሎስ ያልተመለሰው እንባቸው ስላልነካው አይደለም፤ ልቤን እየሰበራችሁት ነው ብሏቸዋል። ማንም በማያለቅስበት መንገድ ላይ አስቀድሞ ከጌታ ጋር ስለ ጨረሰ ነው ብዬ አምናለሁ። ቃሉ በግልጽ አላለም፤ እኔ ግን እንዲህ አነበዋለሁ።

የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ለተግባር አገልግሎት ገጠር ተመድቤ፣ ከአንዱ አጥቢያ ወደ ሌላው ቀኑን ሙሉ በእግሬ የምሄድበት ጊዜ ነበር። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እግር መሄድ ስለ ጀመረ ልብ ወዲያው አይጸልይም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዓታት እዚያ ከሌለ ሰው ጋር ስከራከር ነው የሚያልፉት። እንዲህ ሲለኝ እንዲህ ብለው ኖሮ እያልኩ! ቀትር ላይ ክርክሩ ያልቃል። ውሃውም ያልቃል፤ ጫማ ተረከዝ ይልጣል፤ የጀመርኩት መዝሙር ግማሹ ይጠፋኛል። ያኔ ነው የልብ ነገር የሚወጣው። ለማንም ያልተናገርኩትን ፍርሃቴን ለጌታ የነገርኩት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በጤፍ ማሳ መሐል ነው።

አንድ ቀን ከገበያ የሚመለሱ እናት አስቆሙኝና «ልጄ፣ ብቻህን? ሰው የለህም እንዴ?» አሉኝ። በእኛ ዘንድ ብቻውን የሚሄድ ሰው ወይ የተጣላ ወይ መርዶ የሰማ ነው። መኪና እያለ በእግሩ ከሄደማ! «አሉኝ እማማ፤ እፊት እየጠበቁኝ ነው» አልኳቸው።

ጳውሎስም ሰው ነበረው። እነዚያ ወንድሞች ተቀየሙ አልተባለም። ምን አስቀየምንህ ብለው አልያዙትም፤ ለቀቁት። አሶን ላይ ግን ነበሩ፤ ተቀብለው አሳፈሩት። እኛስ? አንድ አገልጋይ ሁለት እሑድ ከመድረክ ከጠፋ «ምን ሆኖ ነው? ወደቀ እንዴ?» እንላለን። ሚስት ግማሽ ቀን ለብቻዬ ከጌታ ጋር ልሁን ብትል ባል ልጆቹን ማን ሊይዝ ነው ይላል። አንተ ነሃ! እኔ ጉባኤ የምወድ ጴንጤ ነኝ፤ አብረን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ስንጸልይ መንፈስ ቅዱስ ይሠራል፣ አሜን። የጢሮአዳውም ሌሊት ጉባኤ ነበር። ጳውሎስ ግን ከጉባኤ በቀጥታ ወደ ሌላ ጉባኤ አልሮጠም።

መንገዱ ለብቻ የማያስኬድ ከሆነ፣ በተለይ ለእናንተ ለእህቶች፣ በር የሚዘጋ አንድ ክፍል ይበቃል። ጌታ ራሱ በሩን ዝጉ ብሏል።

ይህን ቃል በጆሮ ማዳመጫ እየሰማህ በመንገድ ላይ ያለህ ወንድሜ፣ ነገ ፍርድ ቤት የምትቀርብ፣ የምርመራ ውጤት የምትቀበል፤ ዐረብ አገር ልሂድ አልሂድ እያልሽ ቤተ ሰብ ሁሉ በየፊናው የሚናገርሽ እህቴ፤ በዚያ ሁሉ ድምፅ ላይ የእኔ እንዲጨመር አልፈልግም። ፕሮግራማችን ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል። መዝሙሩን ሳትጠብቁ ሬዲዮውን ዝጉትና ለጌታ ንገሩት።