የጣት ጉጥና የጉልበት ሕመም
(በማኅበራችን ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የቁጠባ ደብተር ላይ ስንፈርም እስክሪብቶ መጨበጥ የሚያስቸግረን፣ በጣታችን ጫፍ አንጓ ላይ ጠንካራ ጉጥ የወጣብን ጥቂት አይደለንም። ሰው «ብርድ ነው» ይለዋል። ብርድ አይደለም፤ በአጥንቶች መገናኛ ያለው ለስላሳ ሽፋን ሲሳሳ አጥንቱ በጎን እያደገ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኬልግሬንና ሙር የተባሉ የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ጉጥ ያለባቸው ሰዎች ሌሎች መገጣጠሚያዎቻቸውም አብረው እንደሚታመሙ ጽፈዋል። ይበልጥ የሚያያዘው ጉልበት ነው፤ ዳሌ ላይ ግንኙነቱ ይላላል። ከጣት ወደ ጉልበት ይጋባል ማለት ግን አይደለም፤ መነሻቸው ስለሚመሳሰል ነው፦ ዕድሜ፣ ዘር፣ ውፍረት። ውፍረት ጉልበትን መጫኑ ግልጽ ነው። የሚገርመው፣ ሰው በእጁ አይሄድም፤ የወፍራም ሰው ጣት ግን ይበልጥ ሲታመም ይታያል።

ስለዚህ ጣቷ ጉጥ ያወጣ እህት ለጉልበቷ ከአሁኑ ታስብለት። ቁጭ ማለት አያድንም፤ መራመድና የጭን ጡንቻን ማጠንከር ይረዳል። ማስታገሻ ክኒን ያለ ሐኪም ማዘውተር ጨጓራና ኩላሊትን ይጎዳል። ጠዋት እጅ ከአንድ ሰዓት በላይ ተሳስሮ ከቆየ፣ መገጣጠሚያውም ከሞቀና ካበጠ፣ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ከዘንድሮው በጀት ደግሞ የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃችን ከፍ ተደርጎ እንዲሠራ እንጠይቃለን።