የልጅ እግር በድንገት ሲታሰር
(በቆላ ድባ ለባለትዳሮች የተደረገ ንግግር)

ወደዚህ የምትመጡት ልጆቻችሁን አራርቃችሁ ለመውለድ ነው። ዛሬ ግን የተወለደውን ልጅ እግር ስለሚያሳጣ አንድ በሽታ ልንነግራችሁ ወደድን፤ ይኸውም መጋጠሚያ ውስጥ የሚቋጠር መግል ነው።

ትናንት ሲሮጥ የዋለ ልጅ ዛሬ ያተኩሰዋል። አንዱን እግሩን አያንቀሳቅስም፤ ጨርቅ ሲቀየርለት ይጮኻል፤ መርገጥ እምቢ ይላል። ጉልበት ከሆነ እብጠቱ ይታያል። ዳሌ ከሆነ ግን መጋጠሚያው ከሥጋ ሥር የተደበቀ ስለሆነ ምንም ላይታይ ይችላል፤ ወላጅን የሚያታልለውም ይኸው ነው። አራስ ሕፃንማ ትኩሳትም ላይኖረው ይችላል።

ብዙውን ጊዜ «ወልቆ ይሆናል» ይባልና ወጌሻ ይጠራል። ወጌሻን አንንቅም፤ ከወለምታ ያዳነው ሰው ብዙ ነው። መግል የቋጠረ መጋጠሚያ ግን በቅቤ ቢታሽ ሕመሙ ይብሳል፤ ቀኑም ያልፋል። ጀርሙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስታፊሎኮከስ የሚባለው፣ በደም ተጉዞ ይገባል። መግሉም የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ ክፍል በጥቂት ቀናት ይበላዋል። በዳሌ ላይ ደግሞ ግፊቱ ወደ ጭኑ አጥንት ራስ የሚሄደውን ደም ሊያቋርጥ ይችላል። ያን ጊዜ ልጁ ቢተርፍም እግሩ አጥሮ ዕድሜውን ሁሉ ሊያነክስ ይችላል።

ሐኪሙ በመርፌ ከመጋጠሚያው ፈሳሽ ቀድቶ ይመረምራል። መግል ከሆነ ልጁ ማደንዘዣ ተሰጥቶት መጋጠሚያው ይከፈታል፤ መግሉ ወጥቶ በንጹሕ የጨው ውሃ ይታጠባል። እግር መቁረጥ አይደለም! ይህን የምንለው «ቀዶ ሕክምና» ሲባሉ ልጃቸውን አቅፈው የሚሸሹ ስላሉ ነው። ከዚያም አንቲባዮቲክ በደም ሥር፣ ቀጥሎም በአፍ፣ ለሳምንታት ይሰጣል። ትኩሳቱ ለቀቀው ብላችሁ አታቋርጡ።

ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ የሚሰጠው የሂብ ክትባትና ከ2004 ዓ.ም ወዲህ የተጨመረው የኒሞኮከስ ክትባት ይህን በሽታ ከሚያመጡት ጀርሞች ሁለቱን ይከላከላሉ፤ ስታፊሎኮከስን ግን አይከላከሉም።

ከቆላ ድባ እስከ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሩቅ የሚያደርገው መንገዱ ሳይሆን «አባቱ ከገበያ ይመለስ፣ ገንዘብ ይገኝ» እየተባለ የሚያልፈው ሌሊት ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ዛሬ ማታ ተነጋገሩ፤ አባት ባይኖር እናት ማንንም ሳትጠብቅ ልጁን ይዛ ትሂድ። የጤና መድኅን መታወቂያ ካላችሁ ከክትባት ካርዱ ጋር አንድ ቦታ አስቀምጡት፤ ስትሄዱም የሪፈር ወረቀቱን ጨምራችሁ ያዙ።